ማካሮቭ ከሁለት ክረምት በኋላ፦ የ14 ወር ልምዴ ከሱሉልታ

የማካሮቭ ሽጉጤ ፈቃድ እጄ የገባው ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ነው። አሁን ነሐሴ ነው። ማካሮቩ አንድ የሱሉልታ ክረምት ሙሉውን አሳልፏል፤ ሁለተኛውም ሊያልቅ ነው። በተረከብኩ ሰሞን ብጽፍ ኖሮ የምጽፈው ሁሉ ምስጋና ይሆን ነበር። ዛሬ ግን ጉድለቱንም አውቀዋለሁ።

ድሮ ወታደር ነበርኩ። አሁን ከእንጦጦ ማዶ ዘጠኝ የወተት ላሞች አሉኝ። ቤታችን ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቼ አልባለሁ፤ ከዚያ ወተቱን ይዤ መኪና ወደሚያገኘኝ ቦታ እወርዳለሁ። በዚያ ሰዓት መንገዱ ጭር ያለ ነው። ከመሣሪያ ጋር ያገናኘኝ ይኸው ነው።

በ14 ወር ውስጥ የተኮስኩት 40 ጥይት ብቻ ነው። እሱንም በአንድ ቀን፣ በተፈቀደ የተኩስ ልምምድ ቦታ። ግቢዬ ውስጥ አንድም አልተኮስኩም። የወለወልኩት ግን ስንት ጊዜ እንደሆነ እንጃ። ሽጉጥ ያለው ሰው ኑሮው በአብዛኛው መወልወል፣ መቆለፍና መጠንቀቅ ነው። ስለዚህ የምናገረውም በአብዛኛው ስለዚያ ነው።

ማካሮቭን ሶቭየቶች በ1951 በፈረንጅ አቆጣጠር ለሠራዊታቸው የመረጡት ከእሱ በፊት በነበረው የቶካሬቭ ሽጉጥ ምትክ ነው። ካዝናው፣ ማለትም እጀታው ውስጥ የሚገባው የጥይት መያዣ፣ 8 ጥይት ይይዛል። ባዶውን 730 ግራም ይመዝናል። ርዝመቱ 16 ሳንቲ ሜትር ግድም ነው። እጀታው ቀይ ቡናማ ነው፤ መሀሉ ላይ ኮከብ አለ። በውትድርና ዘመኔ ይህንኑ ዓይነት ነበር የያዝኩት፤ ገና ስጨብጠው እጄ አስታወሰው።

የምወድለት አፈታቱን ነው። ካዝናውን ታወጣለህ። ጥይት አለመጉረሱን በዓይንህም በጣትህም ታረጋግጣለህ። ቃታውን የከበበውን ብረት ወደ ታች ስበህ ገፋ ታደርገዋለህ። ከዚያ ላይኛውን ተንሸራታች ብረት ወደ ኋላ ስበህ፣ ከኋላ በኩል ቀና አድርገህ ወደ ፊት ታወጣዋለህ። በቃ። በርሜሉ ከአካሉ ጋር ጥብቅ ስለሆነ አይወጣም። ሞላው በርሜሉ ላይ እንደ ቀለበት ተጠምጥሟል። ስትመልሰው ጠበብ ያለው ጫፍ ወደ ኋላ ይሁን። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

አሁን ወደ ጉዳቱ ልምጣ።

አምና ሐምሌ ላይ ሽጉጡን ከነቆዳ ማህደሩ ሳጥን ውስጥ ቆልፌ ለአሥር ቀን ወደ ዘመድ ለቅሶ ሄድኩ። ዘይት ቀብቼው ነበር፤ ልቤ አልሰጋም። ስመለስ ማህደሩን ስከፍተው ሽታው የረጠበ ቆዳ ሽታ ነው። ተንሸራታቹ በቀኝ በኩል፣ ቆዳው የተጫነው ቦታ ላይ፣ የበርበሬ ፍሬ የሚያክሉ ሦስት ቀይ ነጠብጣቦች ነበሩ። በጥፍሬ ስነካቸው ሻከሩኝ። ዝገት ነው። ያን ቀን በጣም ተናደድኩ። ማካሮቩ ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ቆዳ እርጥበት ይጠጣል፤ የጠጣውንም ብረቱ ላይ ይዞ ይቆያል። ሱሉልታ ደግሞ በክረምት ልብስ እንኳ በሦስት ቀን አይደርቅም።

ነጠብጣቦቹን በነጭ ጋዝ በነከርኩት የነጠላ ቁራጭ ቀስ ብዬ አነሳኋቸው። ዝገቱ ለቀቀ፤ ጥቁሩ ቀለም ግን እዚያ ቦታ ላይ አብሮ ሄደ። ዛሬም ይታያል።

ከዚያ በኋላ እጀታውን ለማውጣት ወሰንኩ። የያዘው ከኋላ ያለ አንድ ብሎን ብቻ ነው። ውስጡ ዝርግ ሞላ አለ። ይህ አንድ ብረት ላይኛው ጫፉ መዶሻውን፣ ጥይቱን የሚያስተኩሰውን መቺ፣ ይገፋል፤ ታችኛው ጫፉ ካዝናውን ቆልፎ ይይዛል። የማካሮቭ ብልህነት እዚህ ላይ ነው፤ አንዱ ዕቃ ከአንድ በላይ ሥራ ይሠራል። ግን ላብና ውሃም ተጠራቅሞ የሚቀመጠው እዚያው ነው። እኔም ያገኘሁት በዘይት የተለወሰ ጭቃ የመሰለ ነገር ነው። በክረምት በወር አንዴ እጀታውን ማውጣት ግድ ነው እላለሁ።

አንድ ጎረቤቴ «የኑግ ዘይት ቀባው፣ ያው ዘይት ነው» ብሎኝ ነበር። አታድርጉት። የምግብ ዘይት ሲቆይ እንደ ሙጫ ይይዛል። ትንሽ የመሣሪያ ዘይት፣ ስስ አድርጎ፣ ይበቃል። አሁን ሽጉጡን ከማህደሩ አውጥቼ በደረቅ ጥጥ ጨርቅ ጠቅልዬ ነው የማስቀምጠው። ሳጥኑ ውስጥ ደግሞ ከአዲስ ጫማ ካርቶን የሚወጡትን እርጥበት የሚመጥጡ ትንንሽ ከረጢቶች እጨምራለሁ። ዘንድሮ አዲስ ዝገት አላየሁም።

እቤት ሌላም ሽጉጥ አለ። የአባቴ ነው፤ በስሙ የተመዘገበ። ቤሬታ 1934 ነው። አያቴ አርበኛ ሳለ ከጣሊያን የማረከው ነው። ተንሸራታቹ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር 1937 ተጽፏል፤ አጠገቡ በሮማ ቁጥር 15 አለ። ፋሺስቶች ዘመናቸውን የሚቆጥሩት ሥልጣን ከያዙበት፣ በፈረንጅ ከ1922 ጀምሮ ነበር። ያ 15 የእነሱ ዓመት ነው። ከማይጨው ጦርነት ቀጥሎ ባለው ዓመት ተሠርቶ መጣ፣ እኛው ጋ ቀረ። አባቴ ቁጥሯን በአውራ ጣቱ እየዳበሰ «ልጄ፣ ይቺ ብረት ለመግዛት ነበር የመጣችው፤ ተገዝታ ቀረች» ይለኛል።

ሁለቱን ጎን ለጎን ፈትቶ ማየት ትልቅ ትምህርት ነው። ቤሬታው 7 ጥይት ይይዛል። መዶሻውን በእጅ ካልወጠርከው ቃታው አይሠራም። ማካሮቩ ግን በረጅሙ ከሳብከው ራሱ ወጥሮ ይመታል። የቤሬታው መጠበቂያ፣ እንዳይተኩስ የሚዘጋው ቁልፍ፣ ቃታውን ብቻ ነው የሚይዘው፤ መዶሻውን አይነካም። የማካሮቩን መጠበቂያ ወደ ላይ ስትገፋው የተወጠረው መዶሻ ያለ አደጋ ይወርዳል። ልጅ ላለበት ቤት ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ሌላው የቤሬታው ጣጣ ካዝናው ሲያልቅ ይመጣል። ተንሸራታቹን ክፍት አድርጎ የሚይዘው ራሱ ባዶው ካዝና ነው። ለማውጣት ትታገላለህ፤ ሲወጣ ደግሞ ተንሸራታቹ ቷ ብሎ ይዘጋል። ማካሮቩ ለዚህ የራሱ መያዣ አለው።

አሁን የምለውን በደንብ ያዙልኝ። በውፍረታቸው ሦስቱም «ዘጠኝ» የሚባሉ የተለያዩ ጥይቶች አሉ። የቤሬታው ጥይት ቀለሁ ርዝመቱ 17 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጣሊያኖች ኮርቶ፣ አጭሩ ይሉታል። የማካሮቩ 18 ነው። እነ ግሎክ ያሉ አዳዲስ ሽጉጦች የሚጎርሱት 19 ነው። የማካሮቩ እርሳስ ደግሞ ወፈር ይላል፤ 9.27 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ወዳጄ የአባቴን ሽጉጥ አይቶ «ያው ዘጠኝ ነው፣ ከአንተ አጉርሰው» አለኝ። እንዲህ ያለ ምክር እጅ ያሳጣል። የሁለቱ ጥይት የተለያየ ቆርቆሮ ውስጥ ነው ያለው፤ ክዳኑ ላይም ጽፌበታለሁ።

የልምምዱን ቀን በአጭሩ ልንገራችሁ። 40 ጥይት ማለት አምስት ሙሉ ካዝና ነው። ከ15 እርምጃ ርቀት አብዛኛው እጅ መዳፍ በሚያክል ቦታ አረፈ። የመጀመሪያው ጥይት ሁልጊዜ ወደ ታች ወረደብኝ፤ ያ ረጅም የቃታ ስበት ከባድ ነው። ከሁለተኛው ጀምሮ ቃታው ይቀላል። ማነጣጠሪያው ትንሽ ናት። ዕድሜዬ ሃምሳን አልፏል፤ በደመናማ ቀን ፊተኛዋን ጫፍ ለማየት ዓይኔን መጨፈንና መግለጥ ነበረብኝ። ካሉኝ ሁለት ካዝናዎች በአንደኛው ምንም ችግር አልገጠመኝም። በሁለተኛው ግን የመጨረሻው ጥይት ከወጣ በኋላ ተንሸራታቹ ሁለት ጊዜ ክፍት ሳይሆን ተዘጋ። የካዝናው ሞላ ደክሟል። ለምንም ነገር አላምነውም።

እዚያው ልምምድ ላይ ግሎክ 17 አስጨበጡኝ። በፈረንጅ ከ1982 ጀምሮ የሚታወቀው የኦስትሪያው ሽጉጥ ነው። 17 ጥይት ይዞ፣ ባዶውን ከማካሮቩ 100 ግራም ያህል ይቀላል። ግማሽ አካሉ ፕላስቲክ ስለሆነ ለሱሉልታ ዝናብ ይሻላል፤ እውነቱን መናገር አለብኝ። ሲተኮስም እጅ ላይ ለስለስ ይላል። ግን በአውራ ጣት የሚዘጋ መጠበቂያ የለውም። ጥበቃው በሙሉ ውስጡና ቃታው ላይ ነው። ለሠለጠነና በየቀኑ ለሚይዝ ሰው ደህና ነው። እኔ ግን ሌሊት በእንቅልፍ ልብ የምነሳ ሰው ነኝ፤ ዘግቼ በጣቴ የምዳብሰው ነገር እፈልጋለሁ።

ዘጠኝ ዓመት የሆነው ልጅ አለኝ። ሽጉጡ ግድግዳ ላይ በተመታ የብረት ሳጥን ውስጥ ነው፤ ጥይቱ ሌላ ክፍል። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው፤ ስተኛም አላወልቀውም። ልጁ ሽጉጥ እንዳለ ያውቃል። አንድ ቀን ፈትቼ ክፍሎቹን አሳየሁት። «አባዬ፣ ይሄ ሁሉ ተፈታትቶ እንዴት ይተኩሳል?» አለኝ። እንደማይተኩስ ነገርኩት። ከዚያ ወዲህ ድብቁን ነገር ለማየት ሳጥኑን ሲዞረው አላየሁትም።

ዛሬም ምርጫ ቢሰጠኝ ማካሮቭ እወስዳለሁ። ግን ማህደሩን ቆዳ አላደርግም፤ ሁለተኛውንም ካዝና ሳልሞክር አልረከብም። ጳጉሜን ሳይገባ እጀታውን አንዴ አወጣለሁ፤ ዝናቡ ገና አልቆመም።