ባለ 16 ኢንች ጥምዝ 35 ዌለን፦ የትኛውን አረር ይሸከማል?

የአሜሪካው ጠመንጃ ሠሪ ሬሚንግተን እ.ኤ.አ. በ1988 35 ዌለን የተባለውን ጥይት በሞዴል 700 ክላሲክ ጠመንጃ ለገበያ ሲያቀርብ፣ ለቱቦው የመረጠው በ16 ኢንች አንድ ዙር የሚዞር ጥምዝ ነበር። ጥምዝ ማለት አረሩን (ከቱቦው የሚወጣውን የጥይት ጫፍ) የሚያሽከረክረው በቱቦው ውስጥ ያለ ጠመዝማዛ ቦይ ነው፤ የኢንቹ ቁጥር ሲያንስ ጥምዙ ይጠብቃል። ጠመንጃው ግሩም ነው። የጥይቱ ቀለህ የታወቀው የ30-06 ጥይት ቀለህ አንገቱ ሰፍቶ የተሠራ ስለሆነ አይቸግርም፤ ኤልክና ሙዝ ለተባሉት ትልልቅ የአጋዘን ዓይነቶች የሚበቃ ጉልበት አለው፤ ርግጫውም 375 ኤች ኤንድ ኤች ከተባለው ኃይለኛ ጥይት ይቀላል። ቅሬታችን ጥምዙ ላይ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው «አረሩ ከከበደ ጥምዙ ይጥበቅ» ይላል። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ጥምዝን የሚፈትነው ከክብደት ይልቅ ርዝመት ነው፤ እኩል ርዝመት ካላቸው ሁለት አረሮች እንዲያውም ከባዱ የተሻለ ይረጋል። ከባድ አረር የሚያስቸግረው አብዛኛውን ጊዜ ረጅምም ስለሚሆን ነው። ሽክርክሪቱ ሲያንሰው እንደደከመ እንዝርት ይንገዳገዳል።

አረሩ በበረራ ምን ያህል እንደሚረጋ በሚገምተው በሚለር ቀመር ሲሰላ የመርጋት ቁጥሩ ከ1.0 በታች የሆነ አረር ይገለበጣል፤ 1.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አስተማማኝ ነው። በመካከሉ ያለው ዒላማ ሊመታ ይችላል፣ ግን እየተንገዳገደ ስለሚሄድ አየሩ ቶሎ ያደክመዋል። በባህር ወለል፣ በ15 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በ16 ኢንች ጥምዝ እንመልከት። 1.15 ኢንች የሚረዝም ባለ 250 ግሬን (ግሬን የአረር ክብደት መለኪያ ነው) ድብልብል አፍንጫ አረር በሰከንድ 2500 ጫማ ሲወጣ 2.2 ገደማ ያገኛል፤ ከበቂ በላይ ነው። ክብደቱና ፍጥነቱ ያው ሆኖ ሹልና 1.30 ኢንች ከሆነ ወደ 1.5 ይወርዳል፣ ማለትም ልክ ደፉ ላይ ነው። ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራ፣ 1.40 ኢንች የሚረዝም ባለ 225 ግሬን አረር ግን በ2700 ጫማ እንኳ ከ1.1 ብዙም አያልፍም። ከሦስቱ ቀላሉ እሱ ነው፤ የከፋውም እሱ ነው። መዳብ ከእርሳስ ስለሚቀል ያንኑ ክብደት ለማግኘት አረሩ መርዘም ግድ ይለዋል።

እዚህ ላይ አየሩን መርሳት አይገባም። የአሜሪካዋ ዴንቨር ከተማ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ሳሳ ያለ ነው፤ የሳሳ አየር አረሩን ብዙም ስለማይገፋው ያ የመዳብ አረር እዚያ ወደ 1.35 ይጠጋና ወረቀት ላይ ደህና ቀዳዳ ያሳያል። ይኸው ጠመንጃ አላስካ ባህር ዳር በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሲተኮስ፣ ብርድ አየሩን ስለሚያወፍረው ቁጥሩ 1.0 ላይ ይወድቃል። አዳኙ «የማነጣጠሪያ መነጽሩ ተዛብቷል» ብሎ ሲያስተካክል ይውላል፣ ጥፋቱ ግን የጥምዙ ነው። ዒላማው ላይ ሞላላ ቀዳዳ ካዩ አረሩ እየተንገዳገደ አጋድሎ ገብቷል ማለት ነውና መነጽሩን አይንኩ።

አዲስ ቱቦ ለሚያስገጥም ሰው የኛ ምርጫ 12 ኢንች ነው። 14 ኢንች ያንን የመዳብ አረር 1.5 ያደርሰዋል፤ ብርዱ ግን መልሶ ወደ 1.3 ያወርደዋል። 12 ኢንች 2.0 ይሰጣል፤ በዚያ ብርድ እንኳ ከ1.7 አይወርድም። «ሽክርክሪቱ በዝቶ አረሩን ይበትነዋል» የሚለው ስጋት እዚህ ቦታ የለውም፤ በ12 ኢንች ጥምዝ በ2700 ጫማ አረሩ በደቂቃ 162,000 ጊዜ ይዞራል። ባለ 10 ኢንች ጥምዝ የ300 ማግነም ጠመንጃ በ3000 ጫማ 216,000 ያዞራል፣ ማንም አያማርርበትም። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1905 ለወጣው 9.3×62 ጥይት ከ16 ኢንች የጠበቀ የ360 ሚሊሜትር (14 ኢንች ገደማ) ጥምዝ ስለሰጡት ባለ 286 ግሬኑን ከባድ አረር ያለ ችግር ይሸከማል።

ለስላሳ የእርሳስ አረር ራሱ እያቀለጠ የሚተኩስ፣ ወይም ከ200 ግሬን ሹልና ከ250 ግሬን ድብልብል የማይወጣ ሰው የፋብሪካውን ቱቦ ቢይዝ ይሻለዋል፤ ገንዘቡን ለጥይት ያውለው።

ከመግዛትዎ በፊት ጥምዙን ራስዎ ይለኩ። በመጀመሪያ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ያረጋግጡ። እጀታው በኩሽኔታ የሚዞር መወልወያ ዘንግ ላይ ጠበቅ ያለ ጨርቅ ያድርጉና ወደ ቱቦው ያስገቡ። ዘንጉ ላይ ምልክት አድርገው፣ ምልክቱ አንድ ሙሉ ዙር እስኪዞር ይግፉና ዘንጉ የተጓዘውን ርቀት ይለኩ። ጨርቁ ከላላ ጥምዙን ሳይከተል ይንሸራተትና ልኩን ከእውነቱ ያስረዝመዋል፤ ስለዚህ ሦስት ጊዜ ይድገሙት። አረሩንም በካሊፐር ይለኩ፤ የፕላስቲክ ጫፍ ካለው ጫፉን ከርዝመቱ ይቀንሱ፤ ክብደት ስለሌለው ካልተቀነሰ ቁጥሩን ያለአግባብ ያሳንሰዋል።