ኤልመር ለቲንና ለዚንክ ሴል፦ የሚታመንበትና የማይታመንበት

ኤልመር የፊንላንዱ ሲኤስሲ (የሳይንስ ኮምፒውተር ማዕከል) ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያለማው ነጻ የሲሙሌሽን ሶፍትዌር ነው። በዊንዶውስም በሊኑክስም ይሠራል፤ የላይሰንስ ክፍያ አይጠይቅም። እዚህ የምናየው ለአንድ ሥራ ብቻ ነው፤ የፕላቲነም ቴርሞሜትር ካሊብሬት የሚደረግበት (ትክክለኛነቱ የሚፈተሽበት) የንጹህ ብረት ሴል፣ ማለትም የመርጊያ ሙቀቱ በትክክል የታወቀ ብረት የያዘ ዕቃ፣ ሲረጋ ውስጡ ምን እንደሚሆን በኮምፒውተር ለማስላት። ቲን በ231.928፣ ዚንክ በ419.527 ዲግሪ ሴልሺየስ ይረጋል። ድሬዳዋም ሆነ ሐረር ላይ የመመረቂያ ጥናት የሚሠራ ተማሪ ወይም ላብራቶሪ ለማቋቋም የሚያስብ ሰው ከሚከፈልበት ሶፍትዌር በፊት ይህን ይሞክር።

ሴሉ ክብ ስለሆነ ግማሽ ቁርጡን በሁለት ዳይሜንሽን መሥራት ይበቃል። ከመሃል ወደ ውጭ የቴርሞሜትሩ ቱቦ፣ ብረቱ፣ የግራፋይት ዕቃው፣ ኳርትዙና ምድጃው ይደረደራሉ። ሜሹን (ስሌቱ የሚሠራባቸውን ትናንሽ ክፍልፋዮች) ጂሜሽ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይሥሩት፤ ብረቱ ላይ ከግማሽ ሚሊሜትር አይብለጥ። ስምንት ጊጋ ራም ያለው ተራ ላፕቶፕ ይችለዋል። የሚረሳው ክፍተቱ ነው። ቲንም ዚንክም ሲረጉ ይኮማተራሉ፣ በብረቱና በግራፋይቱ መካከል ስስ የጋዝ ንጣፍ ይፈጠራል። ያ ንጣፍ ሞዴሉ ውስጥ ካልገባ ሙቀት ከሚገባው በላይ ቶሎ ይወጣል።

ኤልመር ሰውን የሚያታልለው ድብቅ ሙቀት ላይ፣ ማለትም ብረቱ ሲረጋ በሚለቀው ሙቀት ላይ ነው። ብረቱ በአንድ ነጥብ ሳይሆን በጠባብ የሙቀት ክልል ውስጥ እንደሚረጋ አድርጎ ያሰላል፤ ክልሉን የሚወስነው በኤንታልፒ ሰንጠረዡ (ብረቱ በየዲግሪው የያዘው ሙቀት በሚጻፍበት) ተጠቃሚው ነው። አንድ ዲግሪ ስፋት ከተሰጠው ፕላቶው (ብረቱ እየረጋ ሙቀቱ የማይለወጥበት ጠፍጣፋ የግራፍ ክፍል) ቁልቁለት ይሆናል። 0.01 ከተሰጠው ደግሞ ስሌቱ አልገጥም ይላል። ከ0.05 እስከ 0.1 ያለው ለጀማሪ ደህና ነው። ግን ሴሉ በደቂቃ 0.1 ዲግሪ እየቀዘቀዘ የጊዜ እርምጃው 60 ሰከንድ ከሆነ የ0.05ን ክልል በአንድ ዝላይ ያልፈዋል፤ ድብቅ ሙቀቱ ሳይቆጠር ይቀራል፣ ፕሮግራሙም ስህተት አለ አይልም። መድኃኒቱ ‹ቼክ ሌተንት ሂት ሪሊዝ› የሚለውን ማብራትና እርምጃውን ወደ ጥቂት ሰከንድ ማውረድ ነው። ከሦስቱ የስሌት ዘዴዎች ‹ስፓሻል 2› የሙቀት ልዩነቱ ወደ ዜሮ በሚጠጋበት ሴል ውስጥ ለመናወጥ የተጋለጠ ነው፤ እዚህ ላይ ‹ቴምፖራል›ን እንመርጣለን።

ውጤቱን ከማመን በፊት በካልኩሌተር ይፈትሹት። 1.2 ኪሎ ቲን፣ በኪሎ ወደ 60 ኪሎጁል ድብቅ ሙቀት፣ ድምሩ 72 ኪሎጁል ነው። ምድጃው ከሴሉ 5 ዋት ሙቀት እየሳበ ከሆነ ፕላቶው 14,400 ሰከንድ፣ ማለትም አራት ሰዓት ገደማ መቆየት አለበት። ሞዴሉ ሁለት ሰዓት ተኩል ካለ ሙቀት ጠፍቷል። ሁለት ሴኮንድ ካለ ደግሞ ኤንታልፒው በኪሎ መሆኑና በሜትር ኩብ መሆኑ ተምታቷል፤ ልዩነቱ የጥግግቱን ያህል፣ ለቲን ወደ 7,000 እጥፍ ነው።

ከሌላ አገር የተቀዳ ምሳሌ እንዳለ አይሠራም። ኤርኮንዲሽን የሌለው የድሬዳዋ ክፍል በሰኔ 33 ዲግሪ ቢሆን የውጩ ሙቀት 20 ተብሎ የተጻፈ ፋይል የሙቀት ብክነቱን አጋኖ ያሳያል። ለጋሊየም (29.7646 ዲግሪ) ጭራሽ አቅጣጫው ይገለበጣል፤ ሴሉ መደርደሪያ ላይ እንዳለ ይቀልጣል። ሐረር ላይ ይህ ችግር የለም፣ ያለው የግፊት ችግር ነው። አየሩ ወደ 81 ኪሎፓስካል ነው፤ የመርጊያው ነጥብ የተወሰነው ግን በ101.325 ነው። ክፍት የቲን ሴል ለከተማው አየር ከተተወ ወደ 0.7 ሚሊኬልቪን (የዲግሪ ሺህኛ) ዝቅ ይላል፣ ዚንክ ደግሞ 0.9 ገደማ። ስለዚህ ሴሉ ውስጥ የሚሞላውን የአርጎን ጋዝ ግፊት በማኖሜትር (በግፊት መለኪያ) ማስተካከል ወይም ቁጥሩን ማረም ግድ ነው። ከዚህ ሌላ የብረቱ የራሱ ክብደት አለ፦ ለቲን በሜትር 2.2 ሚሊኬልቪን፤ በ18 ሳንቲሜትር ጥልቀት 0.4 ይሆናል። ኤልመር ሁለቱንም በራሱ አያውቅም፣ ሰንጠረዡ ውስጥ በእጅ ይገባሉ።

የማያውቀው ሌላም አለ። ንጹህ ቲን ከመርጋቱ በፊት ከነጥቡ 20 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሊወርድ ይችላል፤ ለዚህ ነው ሴሉን ለአፍታ ከምድጃው ማውጣት ወይም ቱቦው ውስጥ ቀዝቃዛ ዘንግ መክተት ልማድ የሆነው። ሞዴሉ ግን ቀጥ ብሎ ፕላቶው ላይ ይቀመጣል። 20 ዲግሪ የወረደ ቲን ሲመለስ 8 በመቶ ያህሉ ረግቷል፤ ስሌቱን ከዚያ፣ ውጩ ላይ ቀጭን የረጋ ቅርፊት ቱቦውም ላይ ሌላ አድርጎ መጀመር ይሻላል።

የፕላቶውን ቁልቁለት ግን ፈጽሞ አታንብቡ። በእውነተኛ ሴል ቁልቁለቱ የሚመጣው ከባዕድ ንጥረ ነገር ነው፦ 99.9999 በመቶ ንጹህ ቲን ውስጥ ወደ 0.3 ሚሊኬልቪን፣ ግማሹ ሲረጋ ደግሞ ወደ እጥፉ ሊጠጋ ይችላል። ኤልመር ላይ የሚታየው ቁልቁለት ተጠቃሚው የጻፈው ክልል ነው። ሁለቱ ግራፍ ላይ መንታ ይመስላሉ፤ ይህንን ለማረሚያ የተጠቀመ ሰው የራሱን ግምት ይለካል። የምድጃው ላይና ታች ሲለያዩ ቅርፊቱ የት ቀድሞ እንደሚዘጋ፣ በቴርሞሜትሩ ዘንግ ስንት ሙቀት እንደሚሸሽ፣ ምድጃው አንድ ዲግሪ ዝቅ ቢልና አምስት ቢል ምን ልዩነት እንዳለው ለማወቅ ግን ከዚህ የተሻለ ነጻ መሣሪያ አናውቅም።

የመስኮት ገጹ ደካማ ነው፤ ሰንጠረዡን በቀጥታ ሲፍ ፋይሉ (የኤልመር የትእዛዝ ጽሑፍ ፋይል) ላይ መጻፍ ይቀላል። መብራት ስለሚጠፋ ውጤቱ በየጥቂት እርምጃው እንዲቀመጥ አድርጉና በ‹ሪስታርት ፋይል› ካቆመበት ቀጥሉ። ውጤቱ ፓራቪው በሚባለው የማሳያ ፕሮግራም ይከፈታል። ከአምስት አራት እንሰጠዋለን።

ለድሬዳዋ ሲሚንቶ ፋብሪካ ቴርሞካፕል (ከሁለት የተለያዩ የብረት ሽቦዎች የተሠራ የሙቀት መለኪያ) ይህን የሚያስብ ካለ ይተወው። የሁለተኛ ደረጃ ‹ኬ› ዓይነት ቴርሞካፕል በ1,000 ዲግሪ ላይ 7.5 ዲግሪ ስህተት ይፈቀድለታል፤ እሱን ከታወቀ ቴርሞካፕል ጋር አንድ ምድጃ ውስጥ አስገብቶ ማነጻጸር ይበቃል።