የ1963ቱ የፌንደር ሪቨርብ፦ ምን ተቀየረ፣ ምን ሳይነካ ቀረ

ጥሩ ጥገና ማለት ለእኔ ብዙ ያልነካካ ጥገና ነው። የሞተውን ይቀይራል፣ ሰው ላይ አደጋ የሚያደርሰውን ያስተካክላል፣ የቀረውን ይተዋል። የድሮ ሪቨርቤን፣ ማለትም ለጊታር ድምፅ እንደ ሰፊ አዳራሽ ያለ ማስተጋባት የሚጨምርልኝን ሳጥን፣ ያደሱልኝ ባለሙያ ያደረጉት ይህንኑ ነው። በውጤቱ በጣም ስለተደሰትኩ በዝርዝር ልጻፍበት።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው። ፌንደር 6ጂ15 ይባላል፤ ፌንደር የአሜሪካ የጊታርና የአምፕሊፋየር ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ፉለርተን ከተማ ይሠራ የነበረ ለብቻው የሚቆም የሪቨርብ ሳጥን ነው። ጊታሩ እሱ ላይ ይሰካል፤ ከእሱ የሚወጣው ገመድ ወደ አምፕሊፋየሩ ይገባል። ውስጡ ቺፕ የሚባል ነገር የለም። ድምፁን የሚያጎሉ ሦስት የመስታወት ቲዩቦች፣ ትራንስፎርመሮች፣ ከታች ደግሞ ሞላ የተወጠረበት 42 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን የቆርቆሮ ትሪ አለ። የእኔው የ1963 ሥሪት ነው። ይህን ያወቅነው ከትራንስፎርመሩ ነው። በ606 የሚጀምር ቁጥር ታትሞበታል። 606 ትራንስፎርመሩን የሠራው የሹማከር ፋብሪካ መለያ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጡት አሃዞች ዓመቱንና ሳምንቱን ይናገራሉ። የድሮ ፌንደር ልትገዙ ካሰባችሁ ከሻጩ ወሬ ይልቅ ይህን ቁጥር እመኑ።

የሞላውን ነገር ትንሽ ላስረዳ፤ ጥገናው ሁሉ የሚያጠነጥነው እሱ ላይ ነው። የጊታሩ ድምፅ በቲዩቦቹ ጉልበት ያገኝና በትሪው አንድ ጫፍ ወዳለች የመዳብ ጥቅልል ይገባል። ጥቅልሏ አንዲት ሚጢጢ ማግኔት ታንቀጠቅጣለች። ማግኔቷ ከሞላው ጫፍ ጋር የተያያዘች ስለሆነች ሞላው እንደሚጨመቅ እርጥብ ልብስ ይጠማዘዛል። ጥምዘዛው እስከ ሌላው ጫፍ ይጓዛል። እዚያ ያሉት ማግኔትና ጥቅልል መልሰው ኤሌክትሪክ ያደርጉታል። የተረፈው ጉልበት ወደ ኋላ ይመለሳል፣ እንደገና ይመጣል፣ እየደከመ ሄዶ ይጠፋል። ሞላዎቹ ሁለት ናቸው፤ ፍጥነታቸው ሆን ተብሎ ተለያይቷል። በአንዱ ድምፁ 33 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይወስድበታል፣ በሌላው 41። አንድ ዓይነት ቢሆኑ ኖሮ የምንሰማው እየተደጋገመ የሚመለስ የገደል ማሚቶ ብቻ ይሆን ነበር።

ሞላን ለዚህ ሥራ ያስገባው የሃሞንድ ኦርጋን ኩባንያ ነው። ሳሎን ውስጥ ያለ ኦርጋን ሰፊ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደሚጫወት እንዲሰማ ተፈልጎ ነበር። ፌንደር ያንኑ ሞላ ወስዶ ለጊታር አዋለው። ከዚያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የደቡብ ካሊፎርኒያ የባሕር ዳር ጊታሪስቶች፣ በተለይ ዲክ ዴል፣ ስሙን አስጠሩት። እኔን የሳበኝ ግን የእነሱ ሙዚቃ አይደለም፣ ትዝታ ነው። ትዝታ ላይ ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው ስትሄድ መሐል የሚቀር ባዶ ቦታ አለ። ደረቅ፣ ሪቨርብ የሌለው ጊታር ያን ቦታ ያራቁተዋል። በእግር የሚረገጠው ዲጂታል የሪቨርብ ፔዳል ደግሞ ከልክ በላይ ይሞላዋል። ሞላው ድምፁን ይይዝልህና ቀስ አድርጎ ይለቀዋል። ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ቅዳሜ ማታ እኛ ምግብ ቤቶች ውስጥ ስንጫወት፣ ሰዉ በልቶ ጨርሶ ጸጥ ሲል፣ የምፈልገው ይህን ድምፅ ነው።

ስገዛው ግን ይህን አይሰጥም ነበር። ጊታሩ ይሰማል፤ ሪቨርቡ ጨርሶ የለም። ከበስተኋላ የማያቋርጥ «እምምም» አለ። ከሁሉ የከፋው፣ የጊታሩን ክር ይዤ ከንፈሬ ማይክሮፎኑን ሲነካ ይነዝረኛል። መጀመሪያ የወሰድኩበት ሱቅ ከፍተው አዩትና «ሙሉ እድሳት» አሉኝ። ሞላው ከነትሪው፣ ካፓሲተሩ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው) በሙሉ፣ ሬዚስተሩ (ኤሌክትሪክን የሚገታው) በሙሉ፣ ቲዩቦቹም ጭምር ይቀየራሉ። የጠየቁኝ ዋጋ ዕቃውን ከገዛሁበት ብዙም አያንስም። ያናደደኝ ዋጋው አይደለም። አንድም ነገር ሳይለኩ ነው ይህን ሁሉ የወሰኑት። ዕቃዬን ይዤ ወጣሁ።

ከዚያ አንድ የባንዳችን ልጅ ወደ ጋሼ ወሰደኝ። ጋሼ አዲስ አበባ ሬዲዮ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን የሚሠሩት ቤታቸው ምድር ቤት ነው። ማስታወቂያ የላቸውም፤ ስማቸውንም እዚህ ባልጽፍ ይመርጣሉ።

«ጋሼ፣ ሞላው ሞቷል ብለውኛል» አልኳቸው።

«ማን ለካው?»

«የለካው የለም።»

«ታዲያ መሞቱን በምን አወቁ ልጄ?»

ቴስተራቸውን አነሡ። የዚህ ሞላ መግቢያ በቴስተር ሲለካ 1 ኦም (የኤሌክትሪክ መገታት መለኪያ ነው) እንኳ የማይሞላ ነገር ማሳየት አለበት። መውጫው ደግሞ ወደ 200 ኦም። መግቢያው ልክ ነበር። መውጫው ምንም አላሳየም። ማጉያ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። ከጥቅልሏ ወደ ሶኬቱ የምትሄድ እንደ ፀጉር የቀጠነች ሽቦ አለች፤ እሷ መበየጃዋ ላይ ተበጥሳለች። ጥቅልሏ ራሷ ደህና ናት! በቀጭን ካውያ፣ በትንሽ ስታኞ መልሰው በየዷት። ቴስተሩ 200 ኦምን ትንሽ አለፈ። ሱቁ ሊጥለው የነበረው ሞላ በአንዲት ነጥብ ስታኞ ዳነ።

ሌላም ነገር አገኙ። ሞላዎቹን የያዘው የውስጠኛው ትሪ በአራት ማዕዘኑ በትንንሽ ሞላዎች ተንጠልጥሎ ነው የሚቀመጠው። የመድረክ ንዝረት እንዳይደርስበት ነው። አንደኛዋ ማንጠልጠያ ስለጠፋች ትሪው ዘንበል ብሎ ከውጪኛው ቆርቆሮ ጋር ይነካካል። ከተጣለ አሮጌ ትሪ ፈትተው አንድ ተኩለት። ሞላዎቹ ላይ ትንሽ ዝገት አየሁና ልጥረገው ብዬ እጄን ሰደድኩ። «ተው አትንካ! ዝገቱ ይሠራል፤ ከተለጠጠ ግን አይመለስም» አሉኝ።

በኤሌክትሪኩ በኩል የቀየሩት ጥቂት ነው። የኃይል ማጣሪያ ካፓሲተሮቹ ከሆዳቸው ፈሳሽ አውጥተው ነበር፤ እነሱ ሄዱ፣ «እምምም» የሚለውም አብሯቸው ሄደ። ባለ ሁለት እግር ስፒናው በባለ ሦስት እግር ተተካ፣ ቻሲው (የብረት አካሉ) ከኧርዝ ጋር ታሰረ። ከመብራቱ መስመር ወደ ቻሲው የሚሄድ አንድ ካፓሲተር ነበር፤ እሱም ተነሣ። የዚያ ዘመን ብዙ የአሜሪካ አምፕሊፋየሮች (አምፖች) ይህ አላቸው፤ ሲያረጅና ሲሾልክ ከንፈር የሚነዝረው እሱ ነው። ከዚህ በኋላ ማይክሮፎኑን በአፌ ገጥሜ እዘፍናለሁ፣ ምንም የለም።

ሬዚስተሮቹን አንድ በአንድ ለኩ። በዕድሜ ብዛት ዋጋቸው ከተጻፈባቸው ሩቅ የሄዱት ብቻ ተቀየሩ። ከቲዩቦቹ ሞላውን የሚነዳው 6ኬ6 አሁንም ጠንካራ ስለሆነ ቀረ፣ 12ኤቲ7ም ቀረ። 7025 የሚባለው ግን ይንጫጫ ነበር። በቦታው 12ኤኤክስ7 ገባ፤ የአንድ ቤተሰብ ቲዩቦች ናቸው። የተነሡትን ዕቃዎች በሙሉ በፌስታል አድርገው ሰጡኝ፤ እያንዳንዱ ስንት እንደለካ በእጅ የተጻፈ ወረቀትም አብሮ አለ። እንዲህ ያለ ክብር ከየት ይገኛል?

አንድ ነገር በጥብቅ ልናገር። ይህን አይታችሁ ካቻቢቴ ይዛችሁ አትነሡ። እነዚያ ካፓሲተሮች ስፒናው ከተነቀለም በኋላ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ሰው ይገድላሉ። ትሪውን አውጥቶ በቴስተር መለካት ማንም ይችላል፤ ቻሲውን መክፈት ግን ኤሌክትሪኩን እንዴት እንደሚያፈስስ ለሚያውቅ ሰው ይተው።

ወደ ድምፁ ልምጣ። ማዞሪያዎቹ ሦስት ናቸው፦ ድዌል፣ ሚክስ (የሪቨርቡ መጠን)፣ ቶን (የድምፁ ቅላት)። የዕቃው ነፍስ ድዌል ነው። ሞላው በምን ያህል ጉልበት እንደሚመታ የሚወስነው እሱ ነው። አምፕ ውስጥ አብሮ የሚመጣው የፌንደር ሪቨርብ አንድ ማዞሪያ ብቻ ነው ያለው፤ ይህ ምርጫ የለውም። ለትዝታ ድዌሉን 4 ላይ፣ ሚክሱን ከ3 ትንሽ ከፍ፣ ቶኑን መሐል ላይ አደርጋለሁ። ድምፁ ሞቅ ይላል፣ ጫፉ ላይ ትንሽ እርጥበት አለው። አንቺሆዬ ላይ እነዚያ የሚጠጋጉ ኖታዎች ሲደራረቡ ሞላው ውስጥ ይሻኮታሉ፤ ይህን በሌላ መሣሪያ ሰምቼው አላውቅም። ድዌሉን ወደ 8 ከወሰድከው ደግሞ እያንዳንዱ ምት ውኃ ውስጥ እንደገባ «ጭልቅ» ይላል። የካሊፎርኒያዎቹ ልጆች የወደዱት ያንን ነው።

ችክችካ ላይ ግን አይሆንም። ምቱ ፈጣን ስለሆነ የፊተኛው ኖታ ሳይጠፋ የኋላው ይደርስበታል፤ ሁሉም ይጨማለቃል። ሚክሱን ወደ 1 አወርደዋለሁ ወይም ጨርሶ አጠፋዋለሁ። ለሠርግም አልወስደውም። ከባድ ነው፣ ሰው ሲገፋው ሞላዎቹ ተጋጭተው አዳራሹን የሚያናውጥ ነጎድጓድ ያወጣሉ። የቤዝ ስፒከር አጠገብ ሲሆንም ሞላው በራሱ ጊዜ መጮህ ይጀምራል። ለሠርግ ፔዳሌ ይበቃኛል። ለቀረጻና ለትንሽ ቤት ግን አሁን ከዚህ ሌላ አልሰካም።

ከጥገናው በኋላም በጣም ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ትንሽ ማጉረምረም ይሰማል። የሞላው መውጫ ለኃይል ትራንስፎርመሩ ሲቀርብ ይጨምራል፤ ትሪው ተገልብጦ ከገባም እንዲሁ። በትክክል ሲቀመጥ ጊታር እየተጫወተ አይሰማም። ውጪው ላይ ያለው የተቀደደ ቆዳ መሰል ልባስም እንደተቀደደ ነው። ጋሼ አልነኩትም፣ እኔም እንዲነኩት አልፈለግኩም።

የአገልግሎቱ ድክመት ጊዜ ነው። ጋሼ ስልክ አያነሡም። «ይደርሳል» ካሉ ይደርሳል፣ መቼ ግን አትጠይቁ። ከፋሲካ በኋላ ለሚጀምረው የሠርግ ሰሞን የሚያስፈልግ ዕቃ ከሆነ በገና በዓል ሰሞን ስጧቸው። ዋጋቸው ሱቁ ከጠየቀኝ ከግማሽ በታች ነው፤ አብዛኛውም የእጅ ዋጋ ነው። አንድ ብር አይቆጨኝም።

የእናንተው ሞላ በእርግጥ ከሞተ አዲስ ይገኛል፤ አኩትሮኒክስም ሞድም ይሠራሉ፣ ዋጋውም አያስደነግጥም። ስትገዙ ኮዱን ተመልከቱ። ለዚህ ሳጥን የሚሆነው 4-ኤ-ቢ-3-ሲ-1-ቢ ነው። 4ቱ ረጅሙ ባለ ሁለት ሞላ ትሪ ነው። ኤ መግቢያው 8 ኦም ነው ማለት ነው፤ ወሳኙ እሷ ናት። ኢ ወይም ኤፍ የተጻፈበት ትሪ በመልክ አንድ ነው፤ ለዚህ ሳጥን ግን አይስማማም፣ ድምፁ ይሰንፋል። ቢ መውጫው ነው፣ 3 ረጅም ቆይታ። የመጨረሻዋ ቢ ትሪው ክፍቱ ወደ ታች ሆኖ እንዲተኛ ትናገራለች።

አዲስ አበባ ሆናችሁ እንዲህ ያለ ዕቃ ከአሜሪካ ለምታስመጡ፦ ይህ ሳጥን ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። 220 ላይ በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል። መቀነሻ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ ባለ 100 ዋት ከበቂ በላይ ነው። መቀነሻው ቮልቱን እንጂ የመብራቱን ድግግሞሽ አይቀይርም። አሜሪካ 60 ኸርዝ፣ እኛ ጋ 50 ስለሆነ የሳጥኑ የራሱ ትራንስፎርመር ትንሽ ይበልጥ ይሞቃል። የመጀመሪያውን ቀን አጠገቡ ሆናችሁ አስጫውቱት። የመቃጠል ሽታ ከመጣ አጥፍታችሁ ስፒናውን ንቀሉና ለባለሙያ አሳዩት።