ባህር ዳር ያላችሁ፣ በ10 ደቂቃ ቴስት «የመርሳት በሽታ ነው» ተብላችሁ ብር እንዳትከፍሉ

ባህር ዳርና ዙሪያዋ አረጋዊ እናት አባት ያላችሁ በሙሉ ይሄን አንብቡልኝ። ሰሞኑን «ነፃ የአእምሮ ምርመራ» እያሉ ትልልቅ ሰዎችን የሚጠሩ አሉ፣ ምርመራው እውነትም ነፃ ነው፣ ውጤቱ እንደተነገረ ግን ጊንኮ ከሚባል ዛፍ ቅጠል የሚሰራ ኪኒን የ6 ወር ባንዴ ካልገዛችሁ ይባላል። አክስቴ ከዘጌ በጀልባ ለሌላ ጉዳይ መጥታ ገባችበት፣ ከ30 17 አመጣች፣ «አልዛይመር ጀምሯታል» ብለው ልጇን አስደንግጠው አስከፈሉት።

ወረቀቱን አየሁት፣ ሞካ የሚባለው ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ2005 የወጣ፣ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ቴስት ስለሆነ ቴስቱን አልሰድብም። ግን እማማ ኪዩብ ይሳሉ፣ ቁጥርና ፊደል እያፈራረቁ በመስመር ያገናኙ፣ ከ100 ላይ 7 እየቀነሱ ይሂዱ ይላል፣ አክስቴ እኮ እስክሪብቶ ይዛ አታውቅም! ለማን ስንት ኪሎ ቡና በስንት እንደሸጠች ከነዱቤው በቃሏ የምትይዝ ሰው ናት። ዓመተ ምህረቱን ስትጠየቅ የኛን ተናገረች፣ እነሱ የፈረንጁን ስለሚጠብቁ ስህተት ተብሎ ተያዘባት፣ በዚህ በጣም ነው ያዘንኩት። ደህና የሚባለው 26ና ከዛ በላይ ነው፣ ትምህርቱ 12 ዓመት ወይም ከዛ በታች ለሆነ ሰው 1 ነጥብ ይጨመራል፣ ጭራሽ ፊደል ላልቆጠረ ሰው 1 ነጥብ ምን ትፈይዳለች? ለዚህ እኮ ነው ትምህርት ለሌላቸው ሞካ ቤዚክ የተሰራው፣ አውስትራሊያ ውስጥ የተሰራው ሩዳስ የሚባለው ቴስትም ቋንቋና ትምህርት ውጤቱን ብዙ እንዳያዛባው ታስቦ የወጣ ነው።

ሒሳቡንም እዩት። አንድ ቴስት ከታመሙት 80 በመቶውን ይይዛል፣ ከጤነኞቹም 80 በመቶውን ደህና ናችሁ ይላል እንበል። ከ100 አረጋውያን 10ሩ ቢታመሙ 8ቱን ይይዛል፣ ከ90ው ጤነኞች ግን 18ቱንም አብሮ ታማችኋል ይላል፣ በጠቅላላው 26 ሰው ደንግጦ ቤቱ ይገባል የእውነት የታመሙት ግን 8 ናቸው። ስለዚ ስኮር ብቻውን ሐኪም ጋ ሂዱ ያስብላል እንጂ የበሽታ ስም አያሰጥም።

ኪኒኑን በተመለከተ፣ አሜሪካ ውስጥ ከ3000 በላይ አረጋውያን ላይ ተሞክሮ እንደ ፈረንጆቹ በ2008 በወጣው ጥናት ጊንኮ የመርሳት በሽታ እንዳይመጣ አላደረገም። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ላይ ደግሞ የመድማት ስጋት አለው፣ አክስቴን ምን መድሃኒት ትወስጃለሽ ብሎ የጠየቃት የለም፣ አንድ ጆሮዋ በደንብ እንደማይሰማም አላወቁም።

የምር መርሳት ካያችሁ ፈለገ ህይወትም ሆነ ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ሐኪም ጋ ውሰዷቸው። የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለ እጢ) ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድብርት፣ አንዳንድ መድሃኒት ሁሉ ያስረሳል፣ እነዚህ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይታከማሉ። ስትሄዱ የሚወስዱትን መድሃኒት በሙሉ በፌስታል ይዛችሁ፣ አብሯቸው የሚኖር ሰውም ይምጣ፣ ድሮ እንዴት ነበሩ አሁንስ ገበያ ሄደው ሒሳብ ያስተካክላሉ ወይ የሚለውን እሱ ነው የሚያውቀው። ኪኒኑን የገዛችሁ ካላችሁ ደረሰኙን እንዳትጥሉ፣ ከመጀመራችሁ በፊትም ለሐኪም አሳዩት።