ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ በሀገር ልብስ ሱቅ ድረ ገጽ ላይ፦ ያየውና ያላየው

እህቴ ሽሮ ሜዳ የሀገር ልብስ ትሸጣለች። ከጥቂት ዓመታት በፊት ያሠራችው ድረ ገጽ በኮምፒውተር ሲከፈት ዓይን የሚስብ ቢሆንም፣ ደንበኞቿ «ገጽሽ አልከፍት አለን» እያሉ ፎቶውን በቴሌግራም እንድትልክላቸው ይጠይቋት ነበር። ለማሻሻያ ገንዘብ ከማውጣቷ በፊት ጉድለቱ የት ላይ እንደሆነ ለይተን ማወቅ ስለፈለግን፣ ጉግል በነጻ የሚያቀርበውን ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ የተባለ የድረ ገጽ መፈተሻ ለሁለት ሳምንት ያህል ደጋግሜ ተጠቀምኩበት።

አጠቃቀሙ ምንም አያስቸግርም። የድረ ገጹን አድራሻ አስገብቶ ጥቂት መጠበቅ ብቻ ነው፤ ምዝገባም ክፍያም የለውም። ፍጥነትን፣ ተደራሽነትን (ማየት ለሚቸገሩና ለመሰል ተጠቃሚዎች መመቸቱን)፣ የአሠራር ጥራትንና ለፍለጋ ያለውን ምቹነት ለየብቻ መዝኖ ለእያንዳንዱ ከ100 ነጥብ ይሰጣል። ከ90 ጀምሮ ያለው አረንጓዴ፣ ከ50 እስከ 89 ያለው ብርቱካናማ፣ ከዚያ በታች ያለው ቀይ ነው። የእህቴ ገጽ በኮምፒውተር ሲፈተን ፍጥነቱ አረንጓዴ ነበር፤ በእጅ ስልክ ሲፈተን ግን ቀይ ሆነ። ልዩነቱ የመጣው መሣሪያው የስልኩን ፍተሻ የሚያካሂደው መካከለኛ አቅም ያለው ስልክና ዘገምተኛ የ4ጂ ግንኙነት እንዳለ አስመስሎ ስለሆነ ነው። ለእኛ ዋናው ቁም ነገር ይኸኛው ነው፤ ምክንያቱም አብዛኞቹ ደንበኞቿ ገጹን የሚከፍቱት ታክሲ ውስጥ ወይም ሥራ ቦታ ሆነው፣ በጥቅል በገዙት ዳታ ነው።

የቀዩ ውጤት ትልቁ ምክንያት ፎቶ ሆኖ ተገኘ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው የቀሚስ ፎቶ ከካሜራ እንደወጣ የተጫነ ስለነበር ብቻውን ከ5 ሜጋባይት በላይ ይመዝን ነበር፤ መሣሪያውም የገጹ ዋና ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ሊታይ ሲገባው ይህ ፎቶ እያዘገየው መሆኑን ፋይሉን በስሙ ጠቅሶ አመለከተኝ። መጠኑን ቀንሼ ዌብፒ ወደተባለው ቀለል ያለ የምስል ዓይነት ልቀይረው ስል እህቴ አልተስማማችም። «ጥለቱ ካልታየ ቀሚሱ አይሸጥም» አለችኝ፤ እውነቷንም ነበር። ገዢዋ ፎቶውን በጣቷ አስፍታ የክሩን ቀለምና የጥለቱን ጥራት ሳታይ አትወስንም። ስለዚህ መጀመሪያ ትንሹ ፎቶ እንዲወጣ፣ ትልቁ ደግሞ ፎቶው ሲነካ ብቻ እንዲመጣ አደረግን። እንዲህ ያለውን ውሳኔ መሣሪያው አይወስንልዎትም፤ እሱ የሚያውቀው ፎቶው ከባድ መሆኑን እንጂ ጥለት ምን እንደሆነ አይደለም።

ሁለተኛው ጠቃሚ ግኝት ፊደልን የሚመለከት ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የኮምፒውተር የፊደላት መለያ ሥርዓት ውስጥ ከ300 በላይ ቁምፊዎች ያሉት በመሆኑ የአማርኛ ፎንት፣ ማለትም የፊደላቱን ቅርጽ የያዘው ፋይል፣ ከላቲኑ ይከብዳል፤ ገጹ ደግሞ አንዱን ፎንት በአራት ዓይነት ውፍረት ያወርድ ነበር። ፎንቱ እስኪደርስ ድረስ ፎቶው ብቻ ይታይና የጽሑፉ ቦታ ባዶ ሆኖ ይቆያል። የአንድሮይድም ሆኑ የአይፎን ስልኮች የአማርኛ ፎንት ይዘው ስለሚመጡ፣ ከርዕሱ በስተቀር ሁሉም ጽሑፍ በስልኩ ፎንት እንዲታይ አደረግን። መሣሪያው የማይነግርዎትን አንድ ነገር ግን ልጨምር፦ ለላቲን ፊደል የተዘጋጀ የመስመር ክፍተት ለአማርኛ ይጠባል፤ የላይኛው መስመር የታችኛውን የሚነካ እስኪመስል ይጨናነቃልና ክፍተቱን ሰፋ ማድረግ ያስፈልጋል።

በተደራሽነት በኩል፣ እህቴ ከጥለቱ ጋር እንዲስማማ ብላ የመረጠችው ወርቃማ ፊደል በነጭ ጀርባ ላይ በቂ ንፅፅር (የፊደሉና የጀርባው የድምቀት ልዩነት) እንደሌለው ጠቁሞናል፤ ለመደበኛ ጽሑፍ የሚጠየቀው ንፅፅር ቢያንስ 4.5 ለ1 ነው። ጥቁር አረንጓዴ አደረግነው። ስልክ ቁጥሩን ልነካ ስል ከላይ ያለው ፎቶ ዘግይቶ ስለሚመጣ ቁጥሩ ወደታች ይሸሽ የነበረውም ለፎቶዎቹ ስፋትና ቁመት አስቀድሞ ስላልተወሰነ መሆኑን ያወቅሁት ከዚሁ ፍተሻ ነው።

መሣሪያው ጉድለቶችም አሉበት። ክሮም ከተባለው የጉግል ድር ማሰሻ እውነተኛ ተጠቃሚዎች በ28 ቀናት ውስጥ የሚሰበሰበው መረጃ የሚታየው በቂ ጎብኚ ላለው ገጽ ስለሆነ፣ ለትንሽ ሱቅ ያ ክፍል ባዶ ነው። የቀረውም ፍተሻ የሚካሄደው ከጉግል የመረጃ ማዕከል እንጂ ከሽሮ ሜዳ አይደለም። ያው ገጽ በተፈተነ ቁጥር ነጥቡ ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ እኔ ሦስት ጊዜ ፈትኜ መካከለኛውን እወስድ ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉድለት የታየኝ ግን በሌላ መንገድ ነው። አብዛኛው ነጥብ አረንጓዴ ከሆነ በኋላ ስልኬን ለአንዲት ጎረቤታችን ሰጠኋቸውና የጋቢ ዋጋ እንዲፈልጉልኝ ለመንኳቸው። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ገጹን እስከ ታች ካዩት በኋላ «ልጄ፣ ዋጋው የታለ?» አሉኝ። «ለዋጋ ይደውሉ» የሚለውን ሳሳያቸው ደግሞ «ዋጋውን ሳላውቅ እንዴት እደውላለሁ? ደውዬ ቢወደድብኝ እምቢ ማለቱ ያሳፍረኛል» አሉ። ስንት ሰው በዚሁ ምክንያት ሳይደውል እንደቀረ ሳስበው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በማግስቱ ለእያንዳንዱ ልብስ መነሻ ዋጋውን ጻፍንለት።

የሥራ ሰዓቱም እንዲሁ ነበር። ገጹን የሠራው ባለሙያ «8:00 - 6:00» ብሎ ጽፎት ነበር። በዋሽንግተን የምትኖር ደንበኛ ይህን አንብባ በትክክል ትረዳዋለች፤ የአዲስ አበባዋ ደንበኛ ግን ሱቁ የሚከፈተው ከቀኑ 8 ሰዓት ይመስላትና ጠዋቱን በሙሉ ቤቷ ታሳልፋለች። አሁን «ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት» ተብሎ ተጽፏል፤ ከውጭ ለሚያዙ ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ያለው ሰዓት ከሥሩ ተቀምጧል። የበዓል ማስታወቂያዎች እንደ ፖስተር በምስል ውስጥ ተጽፈው ይለጠፉ የነበረውንም በጽሑፍ ተክተናቸዋል፤ በምስሉ ውስጥ ያለውን አማርኛ ማየት የተሳናቸው ሰዎች የሚጠቀሙበት የስክሪን አንባቢ ሊያነብላቸው አይችልም። መሣሪያው ምስሉ መግለጫ እንደሚጎድለው ይናገራል፤ ሰዓቱ አሳሳች መሆኑን ወይም ዋጋው አለመኖሩን ግን ሊያውቅ አይችልም።

እንዲህም ሆኖ ትንሽ ሱቅ ላላቸው ሁሉ ፔጅስፒድ ኢንሳይትስን ያለማመንታት እመክራለሁ፤ በተለይ ከድረ ገጽ ሠሪ ጋር ከመዋዋላቸው በፊት። የራስን ገጽ ውጤት ይዞ «ይህ ፎቶ ለምን 5 ሜጋባይት ሆነ?» ብሎ መጠየቅ የሚችል ደንበኛ፣ «ፍጥነቱን አሻሽልልኝ» ከሚለው የተሻለ ሥራ ያገኛል። ምክሩን ሁሉ መቀበል ግን ግዴታ አይደለም። ሸማኔው መወርወሪያውን ሲወረውር የሚያሳየው አጭር ቪዲዮ ገጹን እንደሚያከብደው መሣሪያው በእያንዳንዱ ፍተሻ ይነግረናል። እህቴ ግን ልብሱ በእጅ የተሸመነ መሆኑን ለገዢ የሚያሳምነው እሱ ስለሆነ አይነሳም ብላለች፤ እኔም ተስማምቻለሁ። ወደ ገጹ ግርጌ አወረድነው፤ የስልኩ የፍጥነት ነጥብም ብርቱካናማው ላይ ቆሟል።