ባለ ሶዳና «ኖ ላይ» ሪላክሰር፦ ለየትኛው ፀጉር፣ በማን እጅ?

ፀጉሩን በሪላክሰር ለማለስለስ የወሰነ ሰው ዕቃውን ሲመርጥ ዓይኑ በመጀመሪያ የሚያርፈው «ኖ ላይ» (በእንግሊዝኛ «ሶዳ የለውም» ማለት ነው) በሚለው ጽሑፍ ላይ ነው፤ አብዛኛው ሰውም ይህን ጽሑፍ «የማይጎዳ» ብሎ ይረዳዋል። በፀጉር ሥራ ላይ ስቆይ ሁለቱንም ዓይነት ደጋግሜ የተጠቀምኩ በመሆኔ አስተያየቴ ከዚህ ይለያል። ሶዳ ያለው ሪላክሰር በዋናነት የሚያሰጋው የራስ ቆዳን ነው፤ ሶዳ የሌለው ደግሞ ቀስ እያለ የሚጎዳው ፀጉሩን ራሱን ነው። እኔ ለአንድ ሰው አንዱን ከሌላው አስበልጬ የምመርጥለት ክሬሙን የሚቀባው ማን እንደሆነና ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ፀጉሩ ምን ዓይነት እንክብካቤ እንደሚያገኝ ከጠየቅሁ በኋላ ነው።

በመሠረቱ ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ መንገድ ነው። ፀጉር የተሠራበት ኬራቲን የተባለው ፕሮቲን ጥንካሬውንና ቅርጹን የሚያገኘው ጥንድ ጥንድ ሆነው በተያያዙ የድኝ አተሞች ነው። ሪላክሰሩ ወደ ፀጉሩ ውስጥ ዘልቆ ከእነዚህ ጥንዶች አንዱን ድኝ ያስወጣና በቦታው ላንቲዮኒን የተባለ ሌላ ትስስር እንዲፈጠር ያደርጋል፤ ይህ አዲስ ትስስር ወደ ቀድሞው አይመለስም። ሪላክሰር የነካው ፀጉር ቢታጠብም፣ ዝናብ ቢመታውም ተመልሶ የማይከረደደው ለዚህ ነው፤ ከመጠን በላይ የተቃጠለ ፀጉርም ተቆርጦ አዲስ እስኪያድግ ድረስ እውነተኛ መድኃኒት የማይገኝለት ለዚሁ ነው። የጤናማ ፀጉር ፒኤች (የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲጨምር አልካሊነቱ ይጨምራል) ከ4.5 እስከ 5.5 ገደማ ሲሆን የሁለቱም ክሬሞች ፒኤች ከ12 በላይ ነው፤ በዚህ መለኪያ ደግሞ የእያንዳንዷ ቁጥር ልዩነት አሥር እጥፍ ማለት ነው። ስለዚህ «ኖ ላይ» የተባለውም ቢሆን ዓይን ውስጥ ከገባ ሊያሳውር የሚችል ኃይለኛ አልካሊ መሆኑን ይዘን እንነሣ።

ሶዳ ያለው ሪላክሰር የሚሠራው በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ማለትም በተለምዶ ኮስቲክ ሶዳ በምንለው ነገር ነው። መጠኑ ትንሽ ነው፤ ለምሳሌ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ በፀጉር ማለስለሻ ውስጥ የሚገባው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ለማንኛውም ሰው በሚሸጠው ከ2 በመቶ፣ ለባለሙያ በሚሸጠው ደግሞ ከ4.5 በመቶ እንዳይበልጥ ይወስናል። ሶዲየም በፍጥነት ወደ ፀጉሩ ስለሚገባ ሥራው የሚታየው በደቂቃዎች ውስጥ ነው፤ ክሬሙን በማበጠሪያ ጀርባ ወይም በጣት ሲያስተኙት ከርዳዳው ሥር ከእጅ በታች እየላላ ሲመጣ ይሰማል። ባለሙያ የሆነ ሰው ይህን ዓይነት የሚወድበት ምክንያት ይህ ብቻ አይደለም። በደንብ ተለቅልቆ ከወጣ በኋላ በፀጉሩ ላይ የሚቀር ዝቃጭ የለውም፤ ፀጉሩ ወዙን ይይዛል፣ ቀለምና ትሪትመንትም ይቀበላል፣ ከወራት በኋላም ቢሆን ሲዳሰስ ለስላሳ ነው። በእኔ ግምት ረጅምና የሚወዛወዝ ፀጉር ለሚፈልግ ሰው በዚህ ረገድ የሚወዳደረው የለም።

ድክመቱ ቆዳ ላይ ያለው ጭካኔ ነው። የተቧጨረ፣ ፎረፎር ያቆሰለው ወይም በቅርቡ ሹሩባ ተፈትቶ የተለበለበ የራስ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ማቃጠሉ ወዲያው ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ በቸልታ የምታልፍ እያንዳንዷ ደቂቃ ወደ መላጥና ወደ ቁስል ትወስዳለች፤ ቁስሉ ከጠለቀም ጠባሳው ባለበት ቦታ ፀጉር ላይበቅል ይችላል። ስለዚህ ከመቀባቱ በፊት የራስ ቆዳው ሁሉ፣ የግንባሩ ዳርና የጆሮው ዙሪያ በቫዝሊን መሸፈን አለበት፤ ሠሪውም እጁ ፈጣን፣ ዓይኑም ሰዓት ላይ መሆን አለበት። የራሱን ጭንቅላት ኋላ ማየት የማይችል ሰው መስታወት ፊት ቆሞ ይህን ሁሉ በጊዜው ማድረሱን እጠራጠራለሁ፤ ሶዳ ያለውን ሪላክሰር ቤት ውስጥ ለብቻ መቀባትን የማልመክረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሶዳ የሌለው ዓይነት ገበያ ላይ ቦታ ያገኘውም ከዚሁ ፍርሃት የተነሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጆንሰን ፕሮዳክትስ የተባለው ኩባንያ አልትራ ሺን በተባለው ሪላክሰሩ ላይ ስለ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አደገኛነት ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ካስገደደ በኋላ፣ «ሶዳ የለውም» ማለት ትልቅ የመሸጫ ቃል ሆነ። ሣጥኑን ስንከፍት ግን ብዙውን ጊዜ ሁለት ነገር እናገኛለን፤ በዕቃ የታሸገ ነጭ ክሬምና በትንሽ ጠርሙስ ያለ ፈሳሽ። ክሬሙ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ሲሆን ፈሳሹ ጓኒዲን ካርቦኔት ነው፤ ለየብቻቸው ሲሆኑ ፀጉር የማለስለስ አቅማቸው ደካማ ሆኖ፣ ሲደባለቁ ግን ጓኒዲን ሃይድሮክሳይድ ይፈጠራል፤ ሥራውን የሚሠራው እርሱ ነው። ድብልቁ አይቆይም። ለዛሬ ተደባልቆ የተረፈውን ለሌላ ቀን ማስቀመጥ፣ ወይም የጠርሙሱን ግማሽ ብቻ በግምት መጨመር፣ ኃይሉ የማይታወቅ ክሬም ጭንቅላት ላይ ማኖር ነው። ሲያማስሉም ከታች የቀረ ያልተዋሐደ ክሬም እንዳይኖር የዕቃውን ጥግና ወለል መፋቅ ይገባል፤ አለበለዚያ የጭንቅላቱ አንዱ ወገን ለስልሶ ሌላው ከርዳዳ ሆኖ ይቀራል።

ይህ ውሕደት ሲፈጠር አብሮ የሚወጣ ሌላ ነገር አለ፤ ካልሲየም ካርቦኔት። ውኃ ዘወትር በሚፈላበት ማንቆርቆሪያ ውስጥ ከታች ተጋግሮ የምናየው ነጭ ነገር በአብዛኛው እርሱው ነው፤ በፀጉርም ላይ እንዲሁ ይለጠፋል። በመጀመሪያው ሳምንት ማንም አያስተውለውም። ከተደጋጋሚ ቅብ በኋላ ግን ፀጉሩ ወዙ እየጠፋ፣ ሲዳሰስ እየሻከረ ይመጣል፤ ቅባት ቢቀባ ከላይ ይቀመጣል እንጂ ውስጥ አይገባም፤ ጫፉም መሰባበር ይጀምራል። የብዙ ሰው ቅሬታ «ፀጉሬ ደረቀ» የሚል ሲሆን መፍትሔ የሚፈለግለት ደግሞ ቅባት በመጨመር ነው። የሚያስፈልገው ግን ማዕድን አንሥቶ የሚያወጣ ሻምፖ ነው፤ ከጀርባው ባለው ዝርዝር ላይ ዳይሶዲየም ኢዲቲኤ ወይም ቴትራሶዲየም ኢዲቲኤ የሚል ይገኝበታል። ይህ ንጥረ ነገር በጥቂቱ በብዙ ሻምፖዎች ውስጥ ስለሚገባ፣ ከፊት ለፊቱም ማዕድን ለማስወገድ የተሠራ መሆኑ የተገለጸውን መምረጥ ይሻላል። ሪላክሰሩ በተቀባበት ቀንና ከዚያ በኋላ በየጥቂት ሳምንቱ በዚህ ታጥቦ እርጥበት የሚሰጥ ኮንዲሽነር ሲከተለው ልዩነቱ በእጅ ይታወቃል። ሶዳ የሌለው ሪላክሰር ይህ ሻምፖ ካልተጨመረበት ግማሽ ዕቃ ነው የምለው ከልቤ ነው፤ አምራቾች በአንድ ሣጥን አድርገው ቢሸጡት ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚህም የበለጠ የሚያሳስበኝ አለማቃጠሉ ነው። ጓኒዲን ቆዳን የሚያስቆጣው ከሶዲየም ባነሰ መጠን በመሆኑ ተቀባዩ ሳይለበልበው ተረጋግቶ ይቀመጣል፤ ይህም ለቆዳ ሲባል መልካም ነው። ነገር ግን ሶዳ ያለው ሲሆን «ይታጠብልኝ» የሚያሰኘው ሕመም እዚህ ስለማይኖር፣ ሰው ትንሽ ይቆይ፣ ይበልጥ ሉጫ ይሁን እያለ በመመሪያው ላይ ከተጻፈው ጊዜ ያልፋል። ፀጉር ደግሞ ሕመም አይሰማውም። በእጄ ካለፉት የተቆራረጡ ፀጉሮች አብዛኞቹ ቤት ውስጥ በ«ኖ ላይ» ረጅም ጊዜ የቆዩ ነበሩ፤ ባለቤቶቻቸውም «አላቃጠለኝም እኮ» ሲሉ እውነታቸውን ነው። የመመሪያው ሰዓት የሚቆጠረው ክሬሙ ከነካበት ከመጀመሪያው ቦታ ጀምሮ እንጂ ተቀብቶ ካለቀ በኋላ አለመሆኑንም ብዙዎች ይዘነጉታል።

ዕቃ ሲገዙ ከፊት ለፊቱ ካለው ሥዕል ይልቅ ከጀርባ ያለውን ዝርዝር ማንበብ ይሻላል። ዳርክ ኤንድ ላቭሊም ሆነ ኦ.አር.ኤስ ኦሊቭ ኦይል በብዛት የሚታወቁት ተደባልቆ በሚሠራው በጓኒዲኑ ዓይነት ነው፤ የወይራ ዘይቱ ፀጉሩን ያወዛው እንደሆነ እንጂ የካልሲየሙን ነገር አይለውጠውም። ሚዛኒ በተር ብሌንድ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ሚዛኒ ግን ለስስ ቆዳ ብሎ የሚያወጣው ሌላ ሪላክሰር አለው፤ አቭሎን የሚያመርተው አፈርምም እንዲሁ በሁለቱም ዓይነት ይገኛል፤ ስለዚህ የምርቱን ስም ብቻ ማወቅ አይበቃም። «ኖ ላይ» ተብሎ ግን ምንም የሚደባለቅ ነገር የሌለው ክሬም ካጋጠመ ደግሞ ምናልባት ሊቲየም ሃይድሮክሳይድ ይሆናል። ይህ ካልሲየም አይተውም፤ በቆዳ ላይ ያለው ኃይል ግን ከሶዲየሙ ብዙም ስለማይርቅ እንደ ባለ ሶዳው መያዝ አለበት። ለልጆች ተብለው በሚስቁ ሕፃናት ሥዕል ያጌጡት ሣጥኖች ውስጥም በአብዛኛው ያው ካልሲየምና ጓኒዲን ነው ያለው። የሕፃን የራስ ቆዳ ስስ ነው፤ የሚለበልበው መቼ እንደጀመረም በቅጡ መናገር አይችልም። ለልጅ የትኛውም እንዲቀባ አልደግፍም፤ በዚህ ላይ የምደራደርበት ነገር የለኝም።

ማይልድ፣ ሬጉላርና ሱፐር የሚሉትን የክሬሙን ኃይል ከደካማ ወደ ብርቱ የሚለዩ ደረጃዎች በተመለከተ ወፍራም ፀጉር ያለው ሁሉ ወደ ሱፐር መሮጥ የለበትም። ቀጭን ወይም ቀለም የተቀባ ፀጉር በማይልድ ይበቃዋል፤ ለአብዛኛው ሰው ሬጉላር በቂ ነው።

በሁለቱም ዓይነት የሚሠራ አንድ ሕግ አለ፤ ክሬሙ የሚያርፈው አዲስ በበቀለው ሥር ላይ ብቻ ነው። ፀጉር በወር አንድ ሳንቲ ሜትር ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ስለሚያድግ ከ8 እስከ 12 ሳምንት መጠበቅ ሥሩ ለመለየት የሚበቃ ርዝመት እንዲኖረው ያደርጋል። ከዚህ ቀድሞ የሚቀባ ሰው ቀድሞ የለሰለሰውን ክፍል ሳይነካ ሊቀባ አይችልም፤ ሁለት ጊዜ የተነካው ቦታ ደግሞ ፀጉሩ በኋላ የሚበጠስበት ቦታ ይሆናል። በዋዜማው ጭንቅላትን አለማከክና በማበጠሪያ ጥርስ አለመቧጨር፣ ከመቀባቱ በፊት ባሉት ጥቂት ቀናትም ፀጉሩን አለመታጠብ ማቃጠሉን በጣም ይቀንሰዋል። ካለቀ በኋላ ለብ ባለ ውኃ ብዙ መለቅለቅ፣ ከዚያም አልካሊውን የሚያረክሰውን ሻምፖ መጠቀም ያስፈልጋል። ቀለም የሚቀይረው ዓይነት ካለ እርሱን እመርጣለሁ፤ አረፋው ሮዝ ከሆነ ገና ክሬም አለ ማለት ነው፤ ነጭ እስኪሆን መደጋገም ነው። በጆሮ ጀርባና በማጅራት ያለው ሥር ሁልጊዜ ሮዝ ሆኖ የሚቆየው የመጨረሻው ቦታ ስለሆነ ጣትን እዚያ ማድረስ ይገባል።

ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው መሻገር አይቻልም የሚባለው ትክክል አይደለም። ሁለቱም የሃይድሮክሳይድ ቤተሰብ ስለሆኑ፣ ሥሩ ብቻ እስከተቀባ ድረስ፣ በጓኒዲን የለሰለሰን ፀጉር በሚቀጥለው ጊዜ በሶዲየም መቀጠል ይቻላል፤ አስቀድሞ ግን ካልሲየሙ በሻምፖ መነሣት አለበት። የማይቀላቀለው አሞኒየም ታዮግላይኮሌት ያለበት ነው፤ ፀጉር ለመጠቅለልም ሆነ ለማለስለስ የሚሸጥ ሲሆን ከሃይድሮክሳይድ ጋር በአንድ ፀጉር ላይ ከተገናኘ ፀጉሩ ይበጣጠሳል። ከዚህ ቀደም ምን እንደተቀባ ካልታወቀ ያ ፀጉር አድጎ እስኪቆረጥ መጠበቅ ነው።

የጤናን ነገር ሳላነሣ ባልፍ ቅር ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ የታተመ 33,497 ሴቶችን የተከታተለ ጥናት፣ ከተመዘገቡበት ጊዜ በፊት በነበረው አንድ ዓመት ውስጥ ከአራት ጊዜ በላይ የፀጉር ማለስለሻ የተጠቀሙ ሴቶች በማሕፀን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ምንም ካልተጠቀሙት ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኖ እንዳገኘው አስታውቋል፤ እስከ 70 ዓመት ዕድሜ ድረስ ያለው ግምት ላልተጠቀሙት 1.64 በመቶ፣ አዘውትረው ለተጠቀሙት 4.05 በመቶ ነበር። ጥናቱ የምርቶቹን ስምና ይዘት ስላልጠየቀ ከሁለቱ ዓይነቶች አንዱን ነጻ አያወጣም፤ መንስኤ መሆኑንም ብቻውን አያረጋግጥም። በእኔ ሚዛን ግን የቅቡን ጊዜ ከ8 ሳምንት ወደ 12 ሳምንትና ከዚያ በላይ ለማራራቅ በቂ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። ጥንቁቅ ባለሙያ ላላትና የራስ ቆዳዋ ጤነኛ ለሆነ ሴት ሶዳ ያለውን፣ በሬጉላር ደረጃ፣ እመርጣለሁ። ቤት ውስጥ የምትቀባ፣ ወይም ቆዳዋ ቶሎ የሚቆጣ፣ «ኖ ላይ»ን ከማዕድን አንሺ ሻምፖና ከሰዓት ጋር ትያዝ። ቆዳዋ ላይ ቁስል ያለባት፣ ፀጉሯ በብሊች የነጣ፣ ወይም ፀጉሯ በመሳሳት ላይ ያለ ሴት ለጊዜው ሁለቱንም ትተው። የትኛውም ቢመረጥ ከኋላ፣ ከማይታይ ቦታ፣ ጥቂት ፀጉር ለይቶ በመመሪያው ሰዓት መቀባት፣ አጥቦ ማድረቅና በሁለት ጣት ቀስ ብሎ መሳብ ያስፈልጋል፤ ፀጉሩ ተወጥሮ ወደ ቦታው ከተመለሰ መቀጠል ይቻላል፣ ሳይመለስ ከቀረ ወይም ከተበጠሰ ግን ክሬሙ ያን ቀን ወደ ጭንቅላቱ ባይደርስ ይሻላል።