በኮሪደር፣ በደረጃ ዙሪያ ወይስ በክፍት መተላለፊያ? የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ንጽጽር ለቤት ገዢዎች

አፓርትመንት ለመግዛት የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያነጻጽረው ስፋትን፣ ዋጋንና ፊኒሺንግን ነው። ሦስቱም ተገቢ መመዘኛዎች ናቸው፤ ይሁን እንጂ ሴራሚክ ይነሣል፣ የወጥ ቤት ካቢኔ ይቀየራል፣ ቀለምም በየጊዜው ይታደሳል። የማይቀየረው ሌላ ነው፤ እርሱም ወደ በራችን የምንደርስበት መንገድ፣ መስኮቶቻችን የሚከፈቱባቸው አቅጣጫዎች ብዛትና ከእግራችን በታች ያለው ጎረቤት መኖሪያ ወይም ሱቅ መሆኑ ነው። እነዚህ የሚወሰኑት አርክቴክቱ የመጀመሪያውን ንድፍ በሚያወጣበት ጊዜ በመሆኑ፣ ቤቱን የገዛው ሰው በኋላ የፈለገውን ያህል ገንዘብ ቢያፈስ ሊያርማቸው አይችልም። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽርም በእነዚህ ላይ ያተኮረ ነው።

ወደ በሩ የሚወስደው መንገድ

ባለ ብዙ ቤት ሕንፃዎች ነዋሪውን ወደ ደጁ የሚያደርሱት በሦስት ዋና ዋና መንገዶች ነው። አንደኛው በሕንፃው መካከል የሚያልፍና በግራና በቀኙ በሮች የተደረደሩበት ረጅም ኮሪደር ነው። ሁለተኛው ከሁለት እስከ አራት የሚሆኑ ቤቶች በአንድ ደረጃና ሊፍት ዙሪያ የሚሰበሰቡበት አሠራር ነው። ሦስተኛው ደግሞ በሕንፃው አንድ ጎን በኩል ከቤት ውጭ የተዘረጋ፣ ሰማይ የሚታይበት ክፍት መተላለፊያ ነው።

በአልሚዎች ዘንድ ተመራጭ የሆነው ብዙ ጊዜ ኮሪደሩ ነው። ጥቂት ሊፍቶችና ሁለት ደረጃዎች በአንድ ወለል ላይ ላሉ ብዙ ቤቶች ስለሚበቁ ወጪው ለእያንዳንዱ ቤት ሲካፈል ያንሳል፤ እሳት ቢነሣም ነዋሪው በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫዎች መውጫ ማግኘቱ ቀላል የማይባል ጥቅም ነው። ጉድለቱ ግን ከዚሁ አሠራር የሚመነጭ ነው። በማዕዘን ላይ ካሉት በስተቀር እያንዳንዱ ቤት መስኮት የሚኖረው በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ ጀርባው ኮሪደሩ፣ ጎንና ጎኑ ደግሞ ጎረቤቶች ናቸው። መታጠቢያ ቤቱና ወጥ ቤቱ ወደ ጨለማው ወገን ይገፋሉ፤ ሽታውንና እንፋሎቱን የሚያወጣውም በዳክት (ከወለል ወለል በሚዘልቅ የአየርና የቧንቧ መተላለፊያ) ላይ የተገጠመ ማራገቢያ ብቻ ይሆናል።

የዚህን ክብደት በቁጥር ማየት ይቻላል። ባለሙያዎች በሚጠቀሙበት የልምድ ስሌት መሠረት፣ በአንድ ወገን ብቻ መስኮት ያለው ቤት በተፈጥሮ አየር የሚታደሰው ከወለል እስከ ኮርኒስ ካለው ቁመት ሁለት እጥፍ ወይም ሁለት እጥፍ ተኩል እስከሚሆን ጥልቀት ድረስ ነው። በሁለት ተቃራኒ ወገኖች መስኮት ካለ ግን ጥልቀቱ የቁመቱን አምስት እጥፍ ያህል ሊሆን ይችላል። ቁመቱ 2.7 ሜትር ቢሆን፣ የመጀመሪያው ቤት ከ5.4 እስከ 6.75 ሜትር ድረስ፣ ሁለተኛው ደግሞ እስከ 13.5 ሜትር ድረስ ይተነፍሳል ማለት ነው። ከመስኮቱ እስከ መግቢያው በር 10 ሜትር የሚረዝም ባለ አንድ ወገን መስኮት ቤት በወረቀት ላይ ሰፊ መስሎ ቢታይም፣ የውስጠኛው ሲሶው ቀን ከሌት መብራት የሚፈልግና የታፈነ ነው።

ቤት ለማየት በሄድኩ ቁጥር ስስ ወረቀት ይዤ እገባለሁ። የሳሎኑን መስኮት ከፍቼ ወረቀቱን በሁለት ጣቶቼ አንጠልጥዬ እይዘዋለሁ፤ ከዚያም አብሮኝ ያለው ሰው በተቃራኒው ወገን ያለውን የመኝታ ቤት መስኮት እንዲከፍት አደርጋለሁ። ሁለት ወገን ባለው ቤት ውስጥ፣ ነፋስ የሌለ በሚመስልበት ቀን እንኳ፣ ወረቀቱ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደ አንድ አቅጣጫ ማዘንበል ይጀምራል። በአንድ ወገን ብቻ በሚተነፍስ ቤት ውስጥ ግን ወደ ክፍሉ መካከል ስጠጋ ወረቀቱ ቀጥ ብሎ ይንጠለጠላል። በስልክ መተግበሪያና በውድ መሣሪያ ከተደረጉ ልኬቶች ይልቅ ይህ ቀላል ሙከራ ስለ ቤቱ ብዙ ነግሮኛል።

በደረጃ ዙሪያ የተሰበሰበው ሕንፃ በዚህ ረገድ የተሻለ ነው። ቤቶቹ ከፊት እስከ ኋላ ስለሚዘልቁ ሳሎኑ ወደ መንገድ፣ መኝታ ቤቱ ወደ ግቢ ሊዞር ይችላል፤ በአንድ ወገን ጫጫታ ወይም ጠንካራ ፀሐይ ቢኖር በሌላው ማረፊያ ይገኛል። በአንድ ወለል ያሉ በሮች ጥቂት በመሆናቸው ጎረቤቶች ይተዋወቃሉ፤ እንግዳ ሰው ሲገባም ይታወቃል። በአንጻሩ በየጥቂት ቤቶች አንድ ሊፍት ስለሚያስፈልግ ወርሃዊው የጋራ መዋጮ ከፍ ሊል ይችላል፤ ሊፍቱ ሲበላሽም አማራጭ የለም። ከሁሉ በላይ ግን ስለ ማምለጫ መንገድ መጠየቅ ግዴታ ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 14 ቀን 2017 በለንደን በግሬንፌል ታወር የተነሣው እሳት ለ72 ሰዎች ሞት ምክንያት ሆኗል፤ ባለ 24 ፎቁ ሕንፃ የነበረው አንድ ደረጃ ብቻ ነበር፣ እሳቱን ያዛመተውም በግድግዳው ላይ የተለጠፈው ተቀጣጣይ ሽፋን ነው። አንድ ደረጃ ለዝቅተኛ ሕንፃ በቂ ሊሆን ይችላል፤ ፎቁ እየጨመረ በሄደ መጠን ግን ሁለተኛ ደረጃ የሌለውን ሕንፃ፣ የቱንም ያህል ውብ ቢሆን፣ እንዲገዙ አልመክርም።

ክፍት መተላለፊያው ብዙ ገዢዎች ሳያዩት የሚያልፉት አማራጭ ነው። ሁለቱም ወገኖች ለአየር ክፍት ስለሆኑ ወጥ ቤትም ሆነ መታጠቢያ ቤት የራሱ መስኮት ሊኖረው ይችላል። በኔዘርላንድ፣ በሮተርዳም ስፓንገን ሰፈር አርክቴክት ሚኪል ብሪንክማን የነደፈውና እ.ኤ.አ. በ1922 የተጠናቀቀው ሕንፃ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው፤ የላይኛው መተላለፊያ እንደ መንገድ ሰፊ ከመሆኑ የተነሣ ወተት አቅራቢው ጋሪውን በዕቃ ሊፍት አውጥቶ ከደጅ ወደ ደጅ ይዞት ይሄድ ነበር። አደጋው ከነዋሪው ገመና ጋር የተያያዘ ነው። መተላለፊያው ጠባብ ሆኖ የመኝታ ቤት መስኮት ወደ እርሱ ከተከፈተ፣ የሚያልፍ ሁሉ ውስጡን ያያል፤ ነዋሪው መጋረጃውን ዓመቱን በሙሉ ዘግቶ ይኖራል፤ የሁለተኛው ወገን መስኮት ጥቅምም በዚያው ይጠፋል። ስለዚህ ወደ መተላለፊያው የሚዞሩት ወጥ ቤቱና መግቢያው ብቻ መሆናቸውን፣ በመስኮቱና በሚያልፈው ሰው መካከልም ጥቂት ርቀት መኖሩን በዓይን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ኮሪደርን ከሁለት ወገን መስኮት ጋር ለማስታረቅ የተደረገው ታዋቂ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1952 በፈረንሳይ የተጠናቀቀው የማርሴይ ሕንፃ ነው። አርክቴክቱ ለ ኮርቡዚዬ 337 ቤቶች በያዘው በዚህ ሕንፃ ውስጥ ኮሪደሩን በየሦስት ወለሉ አንድ ጊዜ ብቻ አሳለፈ። ባለ ሁለት ወለል ቤቶቹም ከኮሪደሩ በላይ ወይም በታች ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዘረጋሉ። ተመሳሳይ አሠራር ያለው ቤት ካጋጠመ ትኩረት ሊሰጠው ይገባል፤ ነገር ግን በቤቱ ውስጥ ደረጃ መኖሩ ለአረጋውያንና በተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀሙ ሰዎች እንደማይመች መዘንጋት የለበትም።

ከሦስቱ መካከል የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ ሁለት ወገን መስኮት ያለውን 75 ካሬ ሜትር ቤት፣ አንድ ወገን ብቻ ካለው 90 ካሬ ሜትር ቤት አስበልጬ እመርጣለሁ።

ግቢ ያቀፈ ዝቅተኛ ሕንፃ ወይስ ረጅም ማማ

ይህ ንጽጽር ብዙ ክርክር የሚነሣበት ቢሆንም ለገዢ መመዘኛው ጥቂት ነው። የዴንማርኩ አርክቴክት ያን ጌል እንደሚለው ከመንገድ ጋር ያለ ግንኙነት ከአምስተኛ ፎቅ በላይ ይቋረጣል፤ ከዚያ በታች ያለ ሰው በግቢ የሚጫወት ልጁን ያውቀዋል፣ ይጠራዋል፣ ድምፁንም ይሰማል። ልጆች ላሉት ቤተሰብ ይህ ከማንኛውም የሩቅ ዕይታ ይበልጣል። ይሁን እንጂ የሚታየው ግቢ ዘላቂ መሆኑን ማጣራት ይገባል። ኢልዴፎንስ ሰርዳ እ.ኤ.አ. በ1859 ለባርሴሎና ማስፋፊያ ያወጣው ፕላን 113 ሜትር ርዝመትና ስፋት ባላቸው ብሎኮች መካከል አትክልት ስፍራ እንዲኖር ያስብ ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ግን አብዛኛው የውስጥ ቦታ በግንባታ ተሞላ። ዛሬ ባዶ የሆነው ግቢ የጋራ ይዞታ ሆኖ በውል ካልተጻፈ ነገ ሌላ ሕንፃ ሊቆምበት ይችላል።

ማማው ብርሃንና ርቀትን ይሰጣል፤ በምትኩ በሊፍት ላይ ጥገኛ ያደርጋል። የነፋስ ፍጥነት ከከፍታ ጋር ስለሚጨምር ወደ ውጭ የወጣ ቀጭን በረንዳ በላይኛው ፎቅ ላይ ልብስ ማስጫ እንኳ መሆን ይሳነዋል፤ ወደ ውስጥ ገባ ያለ፣ በሦስት ጎን የተከለለ በረንዳ ይሻላል። በቦርዶ ግራን ፓርክ ሰፈር አን ላካቶንና ዣን ፊሊፕ ቫሳል ከሌሎች አርክቴክቶች ጋር 530 ነባር ቤቶችን ያደሱት፣ ነዋሪዎቹን ሳያስወጡ፣ በፊት ለፊታቸው በመስታወት የሚዘጋ ሰፊ በረንዳ በመጨመር ነው። በዚያ ሥራ ውስጥ የታየው እውነት ለገዢም ይጠቅማል፤ ጠረጴዛና ወንበር የማያስገባ በረንዳ እንደ ክፍል ሊቆጠር አይገባም።

ከሱቅ በላይ መኖር

ታች ሱቅ፣ ላይ መኖሪያ የሆነ ሕንፃ አዲስ ነገር አይደለም፤ በጥንታዊቷ ሮምና በወደቧ ኦስትያ የነበሩ የኪራይ ሕንፃዎችም ምድር ቤታቸው በሱቆች የተያዘ ነበር። ጥቅሙም ግልጽ ነው፤ ዳቦና መድኃኒት በእግር ይገኛል፣ መንገዱም ሲመሽ ሰው አይለየውም። መኖሪያ ብቻ የሆነ ሕንፃ ደግሞ ጸጥታንና የታወቀ ወጪን ይሰጣል። ይሁን እንጂ በቅይጥ ሕንፃዎች መካከል ያለው ልዩነት፣ በቅይጥና በመኖሪያ ብቻ መካከል ካለው ልዩነት ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ የሚከተሉትን አንድ በአንድ መመልከት ያሻል።

በመጀመሪያ የነዋሪው መግቢያ ከገበያተኛው መግቢያ የተለየ መሆን አለበት፤ ሊፍቱም እንዲሁ። ቀጥሎ የምግብ ቤት ጭስ ጉዳይ አለ። በንድፍ ጊዜ እስከ ጣሪያ የሚደርስ የጭስ መውጫ ያልተዘጋጀለት ሕንፃ፣ ሱቁ ለምግብ ቤት በተከራየ ቀን ጭሱን በጎን ግድግዳ በኩል ያወጣል፤ ይህም በቀጥታ ወደ አንደኛና ሁለተኛ ፎቅ መስኮቶች ይገባል። ዛሬ ምድር ቤቱ የመጻሕፍት መደብር መሆኑ ዋስትና አይሆንም፤ ዋስትና የሚሆነው የሕንፃው መተዳደሪያ ደንብ የትኛው ንግድ እንደሚፈቀድና እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ መደንገጉ ነው።

ድምፅን በሚመለከት የተለመደ ስሕተት አለ። ወፍራም የኮንክሪት ሶሌታ (በፎቆች መካከል ያለው ወለል) ንግግርንና መካከለኛ ሙዚቃን በክብደቱ ያግዳል፤ የሚጎተት ወንበርንና የሚወድቅ ዕቃን ግን አጥርቶ ያስተላልፋል፤ ምክንያቱም ምቱ የሚጓዘው በራሱ በኮንክሪቱ ውስጥ ነው። ይህን የሚቀንሰው ከወለሉ ሥር የሚነጠፍ ለስላሳ ንጣፍ እንጂ የሶሌታው ውፍረት ብቻ አይደለም። ጭነት የሚራገፍበት ቦታም መታየት አለበት፤ ማለዳ 11 ሰዓት ላይ የሚመጣ የጭነት መኪና ከመኝታ ቤት መስኮት ሥር ከቆመ፣ የቤቱ ሌላ መልካምነት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። በተጨማሪም የውሃና የመብራት ቆጣሪ የሱቁና የመኖሪያው ለየብቻ መሆኑ፣ የጋራ ወጪውም በምን ቀመር እንደሚካፈል በጽሑፍ መታወቅ አለበት።

ሱቆች የሚገኙበት ወለልም ትርጉም አለው። በማርሴዩ ሕንፃ ሱቆቹ የተቀመጡት በከፍታው አጋማሽ፣ በ7ኛና በ8ኛ ፎቅ ነበር፤ በመንገድ የሚያልፍ ሰው አያያቸውም። ገዢው «ሁሉ ነገር በሕንፃው ውስጥ ይኖራል» ሲባል ሱቆቹ ወደ መንገድ የሚከፈቱ መሆናቸውን ይጠይቅ፤ ከሕንፃው ነዋሪ በሚያገኘው ገበያ ብቻ የሚተዳደር ሱቅ ብዙ ጊዜ አይቆይም፣ የተዘጋ ሱቅም የጋራ መዋጮውን ሸክም ወደ ነዋሪው ያዞራል።

ግድግዳውና ምሰሶው

ሕንፃው ክብደቱን የሚሸከመው በኮንክሪት ግድግዳ ከሆነ ክፍሎቹ እንዳሉ ይቀራሉ፤ በኮለንና በቢም (በቋሚ ምሰሶና በአግዳሚ ተሸካሚ) ከሆነ የብሎኬት ግድግዳዎቹን አፍርሶ ሁለት ክፍሎችን አንድ ማድረግ ይቻላል። የኔዘርላንዱ ጆን ሃብራከን እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ የተከራከረውም ለዚህ ነበር፤ የሕንፃው ተሸካሚ አካል የጋራና ዘላቂ፣ የውስጡ ክፍፍል ደግሞ የነዋሪው ይሁን ይል ነበር። ቤተሰቡ ሊያድግ ወይም ወላጆቹን ሊያመጣ የሚችል ሰው ሁለተኛውን ቢመርጥ ይበጀዋል። በቅይጥ ሕንፃ ግን ኮለኖቹ ብዙ ጊዜ የሚደረደሩት በቤዝመንቱ ላለው መኪና ማቆሚያ በሚስማማ ርቀት ነው፤ አንድ መኪና 2.5 ሜትር ቢይዝ፣ ለሦስት መኪና በኮለኖቹ መካከል 7.5 ሜትር ይተዋል። ይህ ልክ ከመኝታ ቤት ልክ ጋር ስለማይገጥም፣ በወለል ፕላኑ ላይ ትንሽ ጥቁር አራት ማዕዘን ሆኖ የሚታየው ኮለን በእውነተኛው ቤት ውስጥ አልጋው ሊቀመጥበት በታሰበው ጥግ ላይ ቆሞ ይገኛል። ሜትር ይዞ መሄድና አልጋውንና ቁም ሣጥኑን በወለሉ ላይ በጠመኔ አስምሮ ማየት ያስፈልጋል።

የሚገዛውን ቤት ፕላን ብቻ ሳይሆን ከበላዩ ያለውን ወለል ፕላንም መጠየቅ ተገቢ ነው። ሁለቱን ወረቀቶች ደራርቦ ወደ ብርሃን ሲያዩዋቸው መታጠቢያ ቤት በመታጠቢያ ቤት፣ ወጥ ቤት በወጥ ቤት ላይ ካረፈ ቧንቧዎቹ በአንድ ዳክት ቀጥ ብለው ይወርዳሉ። የላይኛው ጎረቤት መታጠቢያ ቤት በእርስዎ መኝታ ቤት ላይ ካረፈ ግን ቧንቧው የሚያልፈው ከራስጌዎ በላይ፣ በኮርኒሱና በሶሌታው መካከል ነው፤ ውሃ ቢያንጠባጥብ ለማስጠገን የሚከፈተውም የእርስዎ ኮርኒስ ይሆናል።